ስልክ ሲቈጠርና ሰው ሲቈጠር፤ የኢትዮጵያና የኬንያ ታሪክ በንጽጽር

ሁለት አገሮችን በአንድ ሚዛን ለመመዘን የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሚዛኑን መመርመር ይገባዋል። ኢትዮጵያና ኬንያ በድንበር የሚዋሰኑ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ስለ ሁለቱ ሕዝቦች ኑሮ በዘመናችን በሚጻፈው ነገር ውስጥ በብዛት ከሚጠቀሱት አንዱ የስልክና የኢንተርኔት ቍጥር ነው። በኬንያ ከመቶው ሰው ይህን ያህሉ፣ በኢትዮጵያ ከመቶው ሰው ያን ያህሉ በስልክ ይጠቀማል ይባላል፤ በዚህም ላይ ተመሥርቶ አንዱ ቀዳሚ፣ ሌላው ኋላ ቀር ተብሎ ይፈረዳል፤ ለትምህርት፣ ለጤናና ለንግድ የሚሆን ዕቅድም ይወጣል። ዳሩ ግን ቍጥሩ እንዴት እንደ ተገኘ፣ ማን እንደ ጠየቀ፣ ማን እንደ ተጠየቀና ማን ሳይጠየቅ እንደ ቀረ የሚመረምር ሰው ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የስልክ ቍጥርና የሰው ቍጥር ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን፣ ሁለቱንም እንደ አንድ አድርጎ መውሰድ በሕዝብ ላይ ጉዳት የሚያመጣ መሆኑን በታሪክ ምስክርነት ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው። ምሳሌ የምትሆነንም በናይሮቢ ከተማ በስተ ምዕራብ የምትገኘው ሁርሊንግሃም የምትባለው ሰፈር ናት። በዚያ ሰፈር ኬንያውያንና ኢትዮጵያውያን ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ የሁለቱ አገሮች ልዩነት በአንድ ደጃፍ ላይ ሊታይ ይችላል። ሁለቱን አገሮች ለማነጻጸር እንዲመች፣ እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የስልክና የቴሌግራፍ ሽቦ ወደ ሁለቱ አገሮች የመጣው በተቀራረበ ዘመን ነው። በኢትዮጵያ የሥራው መነሻ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. እንደ ሆነ የቴሌኮሙኒኬሽን መሥሪያ ቤቱ ታሪክ ያስረዳል። ከዐድዋ ድል በኋላ፣ ከ1897 እስከ 1899 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባን ከሐረር ጋራ የሚያገናኝ 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የስልክ መስመር ተዘረጋ። በዚያው ጊዜ እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደብ ተነሥተው ወደ ኡጋንዳ የሚያዘልቀውን የምድር ባቡር ይሠሩ ነበር። ሥራው በ1896 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ሐዲዱ በ1899 ዓ.ም. ዛሬ የናይሮቢ ከተማ ካለችበት ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ፤ የቴሌግራፉም ሽቦ ከሐዲዱ ጋራ አብሮ መጣ።

እንግዲህ የሐረሩ መስመር በ1899 ዓ.ም. ሲፈጸም የናይሮቢ ከተማ ገና መወለዷ ነበር። የሁለቱ ሽቦዎች ጌቶች ግን አንድ አልነበሩም። የኢትዮጵያው ሽቦ የተዘረጋው ንጉሠ ነገሥቱ በሩቅ ካሉት ሹማምንቶቻቸው ጋራ እንዲነጋገሩ ነው፤ የኬንያው ሽቦ ደግሞ ለባቡሩ ሥራ፣ ለቅኝ ገዥው አስተዳደርና ከዚያም በኋላ ለሰፋሪዎቹ ነጮች ንግድ የቆመ ነበር። ነገር ግን በአንድ ጉዳይ ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም በሁለቱም አገር ሽቦው በባላገሩ ማሳ ላይ ያልፋል እንጂ ከባላገሩ ጎጆ አይገባም ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ባለስልኮችን የቈጠረ ሰው የቈጠረው ሹማምንቱን፣ ነጋዴዎቹንና የውጭ አገር ሰዎችን እንጂ ሕዝቡን አልነበረም።

ሁርሊንግሃምም የዚያ ዘመን ታሪክ ያለባት ሰፈር ናት። በቅኝ አገዛዝ ጊዜ ናይሮቢ በዘር የተከፋፈለች ከተማ ስለ ነበረች፣ በስተ ምዕራብ ያሉት ከፍታ ቦታዎች ለአውሮፓውያን፣ በስተ ምሥራቅ ያሉት ደግሞ ለአፍሪካውያን መኖሪያ ተለይተው ነበር። ኬንያ በታኅሣሥ ወር 1963 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። ዛሬ በሰፈሯ የሚያልፈው ዋና ጐዳና የሚጠራው በአርግዊንግስ ኮዴክ ስም ነው። እኚህ ሰው ከኬንያ አፍሪካውያን መካከል የመጀመሪያው የሕግ ጠበቃ ሲሆኑ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ በ1969 ዓ.ም. በዚሁ ጐዳና ላይ በደረሰ የመኪና አደጋ ሕይወታቸው አልፏል። ከ1974ቱ አብዮትና ከ1991ዱ የመንግሥት ለውጥ በኋላ ብዙ ኢትዮጵያውያን፣ አንዳንዱ በስደት፣ አንዳንዱ በንግድ፣ አንዳንዱም ለዓለም አቀፍ ድርጅቶች ሥራ፣ ወደ ናይሮቢ መጥተዋል። በሁርሊንግሃም የሚገኙት እንጀራና ወጥ የሚቀርብባቸው የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ለዚህ ምስክሮች ናቸው።

ስልክን የሕዝብ መለኪያ አድርጎ መውሰድ ምን ያህል እንደሚያሳስት ዓለም የተማረው በ1936 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት በእኛ ታሪክ የጣልያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት የመከራ ዓመት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር በአሜሪካ የፕሬዚዳንት ምርጫ ነበር። ሊተራሪ ዳይጀስት የተባለ ስመ ጥር መጽሔት ማን እንደሚመረጥ አስቀድሞ ለማወቅ 10 ሚሊዮን ያህል የመጠየቂያ ካርድ በፖስታ ላከ። አድራሻውን ያገኘው በብዛት ከስልክ ማውጫና ከአውቶሞቢል ባለቤቶች መዝገብ ነበር። ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ መልስ ስለ ደረሰው በብዛቱ ተማምኖ አልፍሬድ ላንደን ያሸንፋሉ ብሎ አወጀ። ምርጫው ሲፈጸም ግን ፍራንክሊን ሩዝቬልት ከ48ቱ ግዛቶች በ46ቱ አሸነፉ። ጆርጅ ጋሎፕ የተባሉት ተመራማሪ ግን ከዚህ እጅግ ያነሱ ሰዎችን ጠይቀው የአሸናፊውን ስም አስቀድመው በትክክል ተናግረው ነበር።

የመጽሔቱ ስሕተት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ስልክና መኪና ያለው ሰው ከሌላው ይልቅ ባለጸጋ ስለ ነበረ፣ አሳቡም ከድኻው አሳብ የተለየ ነበር። ሁለተኛ፣ ካርዱን ሞልቶ የመለሰው ሰው ካልመለሰው ሰው ጋራ በአሳብ አይተካከልም ነበር። ከዚህ የምንረዳው የመልስ ብዛት ለእውነት ዋስ እንደማይሆን ነው። ያልተጠየቀውና ያልመለሰው ሰው ማን እንደ ሆነ ካልታወቀ፣ ሚሊዮን መልስም ቢሰበሰብ የሚያሳየው የመላሾቹን ፊት ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ አገሮች እንመለስ። በኢትዮጵያ የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ በ1952 ዓ.ም. በአዋጅ በተቋቋመ ቦርድ ሥር ሆነ፤ ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ስሙንና መልኩን ብዙ ጊዜ ቢለዋውጥም ከመንግሥት እጅ አልወጣም። ኢንተርኔት በ1997 ዓ.ም.፣ ተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ገባ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2010 ዓ.ም. ከተቋቋመም በኋላ፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2021 ዓ.ም. ፈቃድ አግኝቶ በ2022 ዓ.ም. ሥራ እስኪጀምር ድረስ፣ አገልግሎቱን የሚሰጠው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር።

በኬንያ ግን ነገሩ በሌላ መንገድ ሄደ። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ዓ.ም. ሲፈርስ ኬንያ የራሷን የፖስታና የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አቋቋመች፤ ይህም በ1999 ዓ.ም. ተከፋፈለ። ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ ሳፋሪኮምና ኬንሴል የተባሉ ኩባንያዎች በተንቀሳቃሽ ስልክ ገበያ ላይ ይወዳደሩ ጀመር። በመጋቢት ወር 2007 ዓ.ም. ኤምፔሳ የሚባለው ገንዘብ በስልክ የመላኪያ ዘዴ ተጀመረ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በባሕር ሥር የተዘረጉ የኢንተርኔት ገመዶች ሞምባሳ ደረሱ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የመደበኛ ስልክ መስመር በኬንያ ለመቶ ሰው አንድ ያህል፣ በኢትዮጵያም ከአንድ በታች እንደ ነበረ ስናስብ፣ ከዚያ ወዲህ የታየውን ልዩነት ያመጣው የሕዝቡ ጠባይ እንዳልሆነ እንረዳለን። ልዩነቱን ያመጡት የባሕር በር መኖርና አለመኖር፣ የኩባንያዎች ቍጥርና የመንግሥታቱ ፖሊሲ ናቸው።

ይህ የታሪክ ልዩነት በአገልግሎቱ ላይ ብቻ ሳይሆን በቍጥሩም ላይ ይገባል፤ አንባቢው በተለይ ሊያስተውለው የሚገባው ነገርም ይህ ነው። ብዙ ኩባንያዎች ባሉበት አገር፣ ወደ ራሱ ኩባንያ ደንበኛ የሚደወለው ጥሪ ዋጋው ሲረክስ፣ አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ሲም ካርድ ይይዛል፤ አንዱ ለገንዘብ መላኪያ፣ አንዱ ለርካሽ ጥሪ፣ አንዱም ለኢንተርኔት ይሆነዋል። አንድ ኩባንያ ብቻ ባለበት አገር ግን ሁለተኛ ካርድ መያዝ የሚሰጠው ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለዚህ የካርድ ብዛት በኬንያ ባለስልኩን ሰው አብዝቶ ሲያሳይ፣ በኢትዮጵያ በዚያን ያህል አያበዛም ነበር። ሁለቱን ቍጥሮች አጠገብ ለአጠገብ አቁሞ የሚያነጻጽር ሰው ከሕዝቡ ልዩነት ጋራ የገበያውን ልዩነት ደርቦ ይመዝናል። ከ2022 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ካርድ በኢትዮጵያም እየተለመደ ስለ ሄደ፣ የካርዱ ብዛት ሲጨምር የሰውም ብዛት በዚያው ልክ ጨመረ ብሎ መገመት ስሕተት ይሆናል።

ለዚህ ነገር ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በኬንያ በ2019 ዓ.ም. የታየው ነው። በዚያ ዓመት በወጣው የመንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ዘገባ በአገሪቱ ውስጥ በሥራ ላይ ያለው ሲም ካርድ ከ50 ሚሊዮን በላይ ነበር። በነሐሴ ወር በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ግን የኬንያ ሕዝብ በጠቅላላው 47.6 ሚሊዮን ያህል ሆኖ ተገኘ። ካርዱ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ካለው ሰው ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው። በዚያው ቈጠራ ዕድሜያቸው ከ3 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች የራሳቸው ስልክ ይኖራቸው እንደ ሆነ ሲጠየቁ፣ አለን ያሉት 20.7 ሚሊዮን ያህል፣ ማለትም ከመቶው 47.3 ናቸው፤ በኢንተርኔት የሚጠቀሙትም ከመቶው 22.6 ብቻ ነበሩ። ሁለቱም መሥሪያ ቤቶች ሐሰት አልተናገሩም። አንዱ ካርድ ቈጠረ፤ ሌላው ሰው ቈጠረ፤ ያውም ሕፃናትን ጨምሮ።

በኢትዮጵያ ደግሞ ችግሩ በሌላ ወገን ይመጣል። ኬንያ ከ1969 ዓ.ም. ጀምራ በየዐሥሩ ዓመት ሕዝቧን ስትቈጥር፣ የኢትዮጵያ ቈጠራዎች የተደረጉት በ1984፣ በ1994 እና በ2007 ዓ.ም. ነው። አራተኛው ቈጠራ በ2017 ዓ.ም. ሊደረግ ታስቦ በተደጋጋሚ ተላልፏል። ቈጠራ ሲዘገይ አካፋዩ ቍጥር ግምት ይሆናል። በ2023 ዓ.ም. የአገሪቱ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የሕዝቡን ብዛት 107 ሚሊዮን ያህል ሲገምት፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት 126 ሚሊዮን ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም ያለውን 72 ሚሊዮን ደንበኛ በመጀመሪያው ግምት ብናካፍለው ከመቶው 67፣ በሁለተኛው ግምት ብናካፍለው ከመቶው 57 ይሆናል። አንድ ሰው ስልክ ሳይገዛ፣ አንድ ሰውም ስልኩን ሳይጥል፣ የዐሥር እጅ ልዩነት በወረቀት ላይ ተፈጠረ ማለት ነው። ይህን እንከን ሳያዩ ከኬንያ ጋራ ማወዳደር በጎደለ ቍና እህል እንደ መስፈር ይቈጠራል።

ነገሩን ከቍጥር አውጥተን በሰው ላይ ለማየት፣ በሁርሊንግሃም የሚገኝ አንድ ግቢ በአሳባችን እንመልከት። በግቢው ውስጥ አንድ የኬንያውያን ቤተ ሰብ፣ በኪራይ የምትኖር አንዲት ኢትዮጵያዊት ነጋዴ፣ በቤተ ሰቡ ዘንድ የምታድር የቤት ሠራተኛና በበሩ ላይ የሚውል ዘበኛ አሉ እንበል። በዚህ ግቢ ደጃፍ አራት ዓይነት ቈጣሪዎች ቢመጡ አራት የተለያየ መልስ ይዘው ይመለሳሉ።

የመጀመሪያው ቈጣሪ የስልክ ኩባንያው ነው። እርሱ ካርድ እንጂ ሰው አያይም። ነጋዴይቱ ሁለት የኬንያ ካርድና ከአገር ቤት ይዛው የመጣች አንድ የኢትዮጵያ ካርድ ቢኖራት፣ በኬንያ ሁለት፣ በኢትዮጵያም አንድ ደንበኛ ሆና ልትመዘገብ ትችላለች። በአንጻሩም በኬንያ ካርድ ለማውጣት መታወቂያ ስለሚያስፈልግ፣ ወረቀቱ ገና ያልተፈጸመለት ስደተኛ በወዳጁ ስም በወጣ ካርድ ይጠቀማል፤ በመዝገቡ ላይም የወዳጁ ስም እንጂ የእርሱ ስም አይገኝም።

ሁለተኛው ቈጣሪ የሕዝብ ቈጠራው ነው። እርሱ በቈጠራው ሌሊት በዚያ ያደረውን ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ ይቈጥራል። ነጋዴይቱ በእርሱ ዘንድ ሦስት ካርድ ሳትሆን አንድ ሰው ናት።

ሦስተኛው ቈጣሪ ከቤት ወደ ቤት እየዞረ የሕዝብን አሳብ የሚጠይቀው የናሙና ጥናት ነው። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው አፍሮባሮሜትር ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው። ይህ ድርጅት በየአገሩ 1,200 ወይም 2,400 አዋቂ ዜጎችን በአካል ቀርቦ ያነጋግራል፤ ተጠያቂው በመረጠው ቋንቋ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ወንድ፣ አንድ ጊዜ ሴት እያፈራረቀም ይመርጣል። ናሙናው በሚገባ ከተወሰደ 1,200 ሰው የሰጠው መልስ ከእውነተኛው በላይም ሆነ በታች ከመቶው 3 ያህል ብቻ ሊርቅ ይችላል። ይሁን እንጂ ጥናቱ ለዜጎች የተወሰነ ስለ ሆነ ነጋዴይቱ በኬንያ አትጠየቅም፤ በኢትዮጵያም ከቤቷ ስለሌለች አትገኝም። ከሁለቱም አገር ቍጥር ትወጣለች። ዜጋ የሆኑት የግቢው ሰዎችም ቢሆኑ በቀላሉ አይገኙም። በር በተዘጋበትና ዘበኛ በቆመበት ሰፈር ጠያቂው ብዙ ጊዜ ከደጅ ይመለሳል።

አራተኛው ቈጣሪ በስልክ የሚጠይቀው ነው። እርሱን የግቢው በር አያግደውም፤ ዳሩ ግን የማይታወቅ ቍጥር ሲደወል የማያነሣ ሰው ብዙ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የዘበኛው ሚስት በሩቅ አገር ቤት ሆና ስልክ ከሌላት ጭራሽ አትጠየቅም። እንግዲህ በአካል የሚደረገው ጥናት ባለጸጋውን ከዘጋው በር በስተ ጀርባ ሲተወው፣ በስልክ የሚደረገው ጥናት ድኻውን ኔትወርክ በሌለበት መንደር ይተወዋል። እያንዳንዱ ዘዴ የየራሱ ዕውር ጎን አለው፤ በሁለት አገሮች ሁለት የተለያየ ዘዴ ሥራ ላይ ከዋለ፣ የምናነጻጽረው የሁለቱን ሕዝቦች ኑሮ ሳይሆን የሁለቱን ዘዴዎች ጉድለት ሊሆን ይችላል።

ትክክለኛው ሰው ቢገኝም የጥያቄው ቃል ራሱ ያሳስታል። «ስልክ አለዎት?» ተብሎ የተጠየቀ ገበሬ ስልኩ የልጁ ቢሆንም «አለን» ሊል ይችላል፤ ሚስቲቱ ግን በዚያው ስልክ በየሳምንቱ እየተነጋገረች «የለኝም» ትላለች። ስለዚህ ፒው የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2018 ዓ.ም. ኬንያን ጨምሮ በ11 አገሮች ባካሄደው ጥናት የራሱ ስልክ ያለውን፣ በሌላ ሰው ስልክ የሚጠቀመውንና ፈጽሞ የማይጠቀመውን ለይቶ ጠይቋል። በዚሁ ጥናት በኢንተርኔት አልጠቀምም ካሉት ሰዎች መካከል በፌስቡክና ይህን በመሳሰሉት የሚጠቀሙ ተገኝተዋል። ይህ በእኛም ዘንድ የታወቀ ነው። ቴሌግራም ከፍቶ የሚውለው ወጣት ኢንተርኔት የሚለውን ቃል ለሌላ ነገር ስለሚያውለው፣ «ዳታ» ወይም «ኔትወርክ» ካልተባለ ጥያቄው እርሱን የሚመለከት አይመስለውም። በናይሮቢ ደግሞ ብዙው ሰው የሚጠቀመው በዋትሳፕ ነው፤ የሁርሊንግሃም ኢትዮጵያዊ ከኬንያዊ ጎረቤቱ ጋራ በዋትሳፕ፣ ከአገር ቤት ዘመዱ ጋራ በቴሌግራም ይነጋገራል። ስለ አንዱ ብቻ የጠየቀ መጠይቅ ከሰውየው ኑሮ ግማሹን ያጣል።

የሰዓት ነገርም እንዲሁ ነው። የስዋሂሊ ተናጋሪ እንደ እኛ ሰዓትን የሚቈጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው፤ «ሳ ሞጃ» ሲል ጠዋት አንድ ሰዓት ማለቱ ሲሆን፣ ያው ሰው በእንግሊዝኛ ቢጠየቅ ሰባት ይላል። ስለዚህ በስልክ የሚጠቀሙት በስንት ሰዓት ነው የሚለው ጥያቄ በአንድ አገር ውስጥ እንኳ በቋንቋው ምክንያት የስድስት ሰዓት ልዩነት ያመጣል። ትርጕም ቃልን በቃል መለወጥ ብቻ እንዳልሆነ ቋንቋ የሚያስተምር መምህር ሁሉ ያውቀዋል።

የጊዜው ገደብም መታየት አለበት። በዓለም አቀፍ ደንብ የኢንተርኔት ተጠቃሚ የሚባለው ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ የተጠቀመ ሰው ነው። ይህ ደንብ መስመሩ ዘወትር ክፍት በሆነበት አገር የሰውን ልምድ ይመዝናል። ነገር ግን በትግራይ ከኅዳር ወር 2020 ዓ.ም. ጀምሮ ጦርነቱ እስኪቆም ድረስ የመገናኛ አገልግሎት ተቋርጦ ነበር፤ በአማራ ክልልም ከነሐሴ ወር 2023 ዓ.ም. ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ቈይቷል። በእነዚያ ወራት አንድ የጐንደር ተማሪ ወይም አንድ የመቐለ መምህር ቢጠየቅ፣ ዓመታት ሲጠቀም የኖረ ቢሆንም፣ በደንቡ መሠረት ከማይጠቀሙት ጋራ ይመደባል። ቍጥሩ የሰውየውን አለማወቅ የሚናገር ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የሚናገረው የመስመሩን መዘጋት ነው።

ይህ ሁሉ የሊቃውንት ክርክር ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ በ2020 ዓ.ም. የሆነውን ያስታውስ። ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ በመጋቢት ወር ወደ አገራችን ሲገባ በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ ከ20 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎችም ከቤታቸው ዋሉ። በኬንያም ትምህርት ቤቶች በዚያው ወር ተዘግተው፣ ተማሪዎቹ ሁሉ የተመለሱት በጥር ወር 2021 ዓ.ም. ነው። ትምህርቱ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥን ወይስ በኢንተርኔት ይሰጥ የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ መልሱ የሚገኘው ማን ምን አለው ከሚለው ቍጥር ነበር። በካርድ ብዛት የተማመነ ባለ ዕቅድ እያንዳንዱ ቤት ስልክ አለው ብሎ ትምህርቱን በኢንተርኔት ቢልክ፣ የከተማው ልጅ ሲማር፣ ስልኩን አባቱ ይዞ ገበያ የወጣበት ልጅ ሳይማር ይቀራል፤ ከወንድሟ በኋላ ተራ የሚደርሳት ልጃገረድም ከሁሉ በፊት ትቀራለች።

በዚያ ዘመን በአካል መጠየቅ ስላልተቻለ የዓለም ባንክ ከየአገሩ መንግሥታት ጋራ ሆኖ በስልክ ጥናት ያደርግ ጀመር። በኢትዮጵያ ጥያቄው የቀረበው በ2018 እና በ2019 ዓ.ም. በአካል ተጠይቀው ስልክ ቍጥራቸው ለተመዘገበ ቤተ ሰቦች ነው፤ በኬንያ ደግሞ ከቀድሞ ጥናት በተገኙ ቍጥሮችና በዘፈቀደ በተደወሉ ቍጥሮች ተሠራ፤ ስደተኞችም እንዲጠየቁ ተደረገ። ሊቃውንቱ ስልክ የሌላቸውን ለማካካስ የመላሾቹን መልስ በሒሳብ እየመዘኑ አስተካከሉት። ይህ የሚመሰገን ሥራ ነው። ሆኖም በኢትዮጵያ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በኡጋንዳ የተደረጉትን እንዲህ ያሉ ጥናቶች መርምሮ በ2021 ዓ.ም. የቀረበ ጥናት እንዳሳየው፣ ስልኩን አንሥቶ የሚመልሰው ሰው በአብዛኛው የቤቱ አባወራ ወይም የትዳር ጓደኛው ነው፤ ከሌላውም ሰው ይልቅ በዕድሜ የበሰለና የተሻለ የተማረ ነው። ቤተ ሰቡን በሒሳብ ማስተካከል ሲቻል፣ በቤቱ ውስጥ ያልተናገረውን ሰው ድምፅ ግን በቀላሉ ማምጣት አይቻልም።

እንግዲህ የታሪኩ ፍሬ ይህ ነው። በ1899 ዓ.ም. ሽቦው ከማን ቤት እንደ ገባ ያልጠየቀ፣ በ1936 ዓ.ም. የስልክ ማውጫው የማንን ስም እንደ ያዘ ያልጠየቀ፣ በ2019 ዓ.ም. ካርዱ የስንት ሰው እንደ ሆነ ያልጠየቀ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ይሠራሉ። ሁለት አገሮችን ለማነጻጸር ለሁለቱም አንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በየሕዝቡ ቋንቋና ልማድ ተቃንቶ፣ በአንድ ዓይነት የአመራረጥ ዘዴ መቅረብ አለበት። ካርድና ሰው፣ ባለቤትነትና መጠቀም፣ አባወራውና የቤቱ ሰው ሁሉ እየተለዩ መጻፍ አለባቸው። ስንቱ ሰው ለመመለስ እንቢ እንዳለና ስንቱ እንዳልተገኘም ከውጤቱ ጋራ አብሮ መነገር አለበት።

ይህ ምክር ለስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ብቻ የሚሆን አይደለም። በብዙ ቈጠራ ላይ መጠይቁን ይዞ በየመንደሩ የሚዞረው መምህር ነው፤ ለተማሪዎቹ ወላጆች መልእክት ለመላክ የስልክ ቍጥር የሚመዘግበውም እርሱ ነው። አንድ የክፍል ኀላፊ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ «በቤታችሁ ስልክ ያለ እጁን ያውጣ» ብሎ ከሚጠይቅ፣ ልጆቹን ለየብቻ እየጠራ ስልኩ የማን እንደ ሆነ፣ ቀን የት እንደሚውል፣ ልጁ ወይም ልጂቱ ለስንት ጊዜ እንደሚያገኙት፣ ካርድ ለመሙላት ገንዘብ ይገኝ እንደ ሆነና መብራት በስንት ቀን እንደሚመጣ ቢጠይቅ፣ ከብዙ ትልልቅ ጥናቶች የሚበልጥ እውነት በአንድ ገጽ ላይ ይሰበስባል። እጁን ያላወጣው ልጅ አፍሮ እንደ ሆነም በዚህ መንገድ ይታወቃል።

አራተኛው የኢትዮጵያ ሕዝብ ቈጠራ አንድ ቀን መደረጉ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ስለ ስልክና ስለ ኢንተርኔት የሚቀርቡት ጥያቄዎች እንዴት እንደ ተጻፉ መርምሮ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በትግርኛም በሶማሊኛም በሌሎቹም ቋንቋዎች ትርጕማቸው አንድ መሆኑን አረጋግጦ፣ የሚጎድለውን ቢያመለክት ከመምህራን ማኅበር ይበልጥ የሚገባው አካል አይኖርም። ሥራው አድካሚ ነው፤ ምስጋናውም ጥቂት ነው። ነገር ግን በመጠይቁ ላይ ያልተጻፈች ልጅ በበጀቱም ላይ አትጻፍም፤ በበጀቱ ያልተጻፈችም ልጅ ትምህርት ቤቱ ዳግመኛ የተዘጋ ዕለት የምትማርበት መንገድ አይኖራትም።